ጋሻው የማን ነበር? መስታወት ውስጥ ስለገቡት የጦር መሣሪያዎቻችን

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለጨረታ ሊቀርብ ቀን ተቆርጦለት ነበር። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዕቃው ከመቅደላ የተዘረፈ ስለሆነ እንዳይሸጥ ጠየቀ፤ ሽያጩም ቀረ። በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልዑል ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመሩት ድርጅት ጋሻውን ገዛው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በቶሌዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ገባ።

ዜናውን ያነበበ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ዐይኔ የቀረው ግን ጋሻው ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «መቅደላ፣ አፕሪል 13፣ 1868» ይላል። የአፄ ቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ የወደቀችበት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ማግስት። ይህን የጻፈው ዘራፊው ነው፣ ወይም ከዘራፊው የተቀበለ። በዚያ ጋሻ ሥር ግራ እጁን አስገብቶ ተራራው ላይ የቆመው ሰው ስም የለም። ከወሎ ይሁን ከቋራ፣ ሞቶ ይሁን ተማርኮ፣ ማን ሸልሞት ይሁን ከአባቱ ወርሶት፣ ምንም። ጋሻው ስለ ራሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር የተነጠቀበትን ቀን ነው።

የሙዚየም መሣሪያዎቻችን ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚጀምረው። ዕቃዎቹ ይመለሱ አይመለሱ የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ ይቀጥላልም። ሲመለሱ ግን ምን ሆነው ነው የሚቀመጡት? ስሙን አልጠራውም እንጂ አንድ ሙዚየም ውስጥ ከአንድ ጋሻ ፊት ለፊት ረጅም ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ። ከሥሩ የተጻፈው «ጋሻ። ቆዳ። 19ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ነበር። ቆዳ መሆኑንማ አያለሁ።

በድሮው ሥርዓት መሣሪያ ለሕዝብ የሚታይበት ዋናው ቦታ ለቅሶ ነበር። ስም ያለው ሰው ሲሞት ጋሻው፣ ጦሩ፣ ጎራዴው፣ ኋላ ኋላም ጠመንጃው ከቤት ወጥቶ ለቀስተኛው መሐል ይያዛል። ፈረሱ እንደ ተጫነ ያለ ጋላቢ ይዞራል። አልቃሿ መሣሪያውን እያየች ግጥሟን ትደረድራለች፤ የት የዋለ ጦር እንደሆነ፣ ማን በማን ላይ እንደ ሰበቀው፣ አሁን በማን ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ትናገራለች። በሠርግና በግብርም ቢሆን ፎካሪው ጦሩን እየነቀነቀ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የአባቱን፣ የአያቱን፣ የአገሩን ስም ነው። እናም መሣሪያው ብቻውን ታይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚናገርለት ሰው ነበረው። ሙዚየም ሲገባ ዕቃው ገባ፤ ተናጋሪው ደጅ ቀረ።

ተናጋሪው ምን ያህል ነገር ይዞ እንደቀረ ለመረዳት ቋንቋችንን ማየት ይበቃል። ጋሻ ማለት መከላከያ ብቻ አልነበረም። መሬት በጋሻ ይለካ ነበር፤ አንድ ጋሻ በዛሬው ልክ ወደ 40 ሄክታር ነው። የመኳንንቱን ጋሻ ተሸክሞ የሚከተለው ጋሻ ጃግሬ ነበር፤ ቃሉ ዛሬም ሰውን ያለ ማመንታት ተከትሎ ለሚያገለግል በሹፈት ይነገራል። እናት ልጇን ጋሻዬ ትላለች፤ ስሙንም ጋሻው ብላ ታወጣለች። ሰይፉ የሚባል ጎረቤት የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። አፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ናቸው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ነፍጠኛ የሚለው ቃል አለ፤ ነፍጥ ከሚለው የጠመንጃ ስም ወጥቶ መጀመሪያ የወታደር መጠሪያ የነበረ፣ ዛሬ አንዱ የሚሰደብበት ሌላው የሚኮራበት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጋሻው ራሱም ሲሠራ ማዕረግ ተጽፎበት ነው። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ተወጥሮ፣ ደርቆ፣ ተቀጥቅጦ ይዘጋጃል፤ ተራው ወታደር ይህን ብቻ ይዞ ይዘምታል። ለመኳንንቱ ግን ከፋይ ይለብሳል፣ በላዩ የብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ጌጥ ይመታበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከገበያ ገዝቶ አይዘውም፤ ንጉሡ ይሸልመዋል። ስለዚህ በጋሻው ላይ ያለው ብር ዛሬ የሹመት ደብዳቤና ማኅተም እንደምንለው ነው፤ የሚያነበው ሰው ከሩቅ አይቶ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ከፈረስም ይወርድለታል። ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ ጎራዴው በቀኝ ወገብ በኩል ይታጠቅ ነበር። የጎራዴው እጀታ ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ ነው፤ ስለቱ ግን ከጀርመን ከዞሊንገን ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በላዩም የአንበሳ ምስልና «ሞዓ አንበሳ» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ ተቀርጾበት ታያለህ። «ባህላዊ» ብለን አንድ ጥግ የምናስቀምጠው ዕቃ እኮ ገና ሲወለድ ባሕር የተሻገረ ነው።

የጠመንጃዎቹ ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ቤልጂግ ከቤልጂየም። እያንዳንዱ ስም አንድ የንግድ መንገድ፣ አንድ ውል ወይም አንድ ምርኮ ነው። ስናድርን ይዞ ወደ አገራችን የመጣው ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ራሱ ነበር፤ እንግሊዞች ይህን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በጦርነት የሞከሩት ያኔ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የሆነውን ለማየት ቁጥሩ ይበቃል፤ ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ናቸው፤ ከእነሱ 2ቱ ሞቱ። የዕለቱም ስም ስቅለት። እንግዲህ ኒውካስል የተገኘው ጋሻ፣ ለንደን ያሉት ሌሎች ጋሻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዘውድና ከቀንድ ዋንጫዎች ጋር ተመልሶ የመጣው የብር ጋሻ፣ ሁሉም በዚያ ሰሞን ከዚያ ተራራ የወረዱ ናቸው። ውበታቸውን የሚያወራ መግለጫ በየሙዚየሙ አለ፤ ከስናድር ፊት ምን ያህል እንደጠቀሙ የሚናገር ግን እኔ አላየሁም።

እንግሊዞች ሲወጡ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ላደረጉላቸው ትብብር መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ካሳ በሦስት ዓመት ውስጥ ዓድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። እሳቸው ደግሞ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረኩ። ምኒልክ በበኩላቸው ከሁሉም ወገን ገዙ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ወደ 2,000 ጠመንጃ በታጁራ በረሃ አቋርጦ ያመጣው ለእሳቸው ነው፤ እንጦጦ ላይ ምኒልክ ዋጋውን ቀንሰው ቀንሰው ባዶ እጁን ሊሸኙት ምንም አልቀራቸውም። (ራምቦ ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ ንግድ እንደተማረረ ነው። የሸዋ ሰው ግን ገበያ ያውቃል ብሎ ማለፍ ይቻላል።) ጣልያንም ሻጭ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1887 የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ከምኒልክ ጋር በተዋዋለው ምሥጢራዊ ውል 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ቃል ተገብቷል፤ ሐሳቡ ምኒልክ በዮሐንስ ላይ እንዲጠቀሙበት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ላይ በጣልያን ላይ ከተተኮሰው ጥይት አንዱ ክፍል የጣልያን ስጦታ ነበር ማለት ነው። ዕለቱ ሲያልቅ ደግሞ የጣልያን 56 መድፍ በሙሉና ወደ 11,000 ጠመንጃ ተማረከ።

ይህ ሁሉ ታሪክ አንዲት ሬሚንግተን ላይ ሊነበብ ይችላል። አሜሪካ የተፈለሰፈ፣ ግብፅ የገዛው፣ ጉራ ላይ የተማረከ ወይም ጣልያን የሰጠው፣ ዓድዋ የተተኮሰ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ የዘመተ። «ጠመንጃ። ብረትና እንጨት» ብለን ስናልፈው የሚጠፋው ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ሴባስቶፖልን የሚስተካከል የለም። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ። ሊሰብኩ መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ ተጠየቁ። እነሱ አናውቅም አሉ፤ ቴዎድሮስ አልሰሙም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ በእኛ 70 ኩንታል የምንለው፣ ወደ ሰማይ የሚያፈጥ ሰፊ አፍ ያለው መድፍ ተቀለጠ። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው የሩሲያ ወደብ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

ከዚያ የመጣው የሥራውን ያህል የሚገርም ነው። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይጎትቱታል። መንገድ ስለሌለ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይሠራል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ፣ ጥርብ ሲደለድሉ ያዩ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ሲደርስ ስድስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ናፒየር በዚያው ወራት 13,000 ወታደርና ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር ዳርቻ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ሁለት ጦር ወደ አንድ ተራራ እየገሰገሰ፣ አንደኛው መድፉን ዝሆን ላይ ጭኖ፣ ሌላኛው በሕዝቡ ጉልበት እየጎተተ።

ሴባስቶፖል በጦርነቱ ምንም አልፈየደም። አሮጌ ላይ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ራሱ ፈንድቷል። እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለው፣ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ አካሂደው ገንዘቡን ወታደሩ ሲከፋፈል፣ ሴባስቶፖል ግን ለማንም አልተሸጠም። የሚሸከመው ጠፋ። ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ለንደን ሲሄድ፣ የንጉሡ ጸጉር እንኳ ተላጭቶ ተወስዶ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቆይ፣ ክብደቱ አዳነው።

የሴባስቶፖል ትርጉም ከዚህ ነው የሚመነጨው። እንደ መሣሪያ ከለካነው ከንቱ ነው። እኛ ግን እንደ መሣሪያ አንለካውም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል፤ ልጅ ሆኜ በዚያ ሳልፍ አፉ ውስጥ ጎጆ የሠራ ወፍ አይቼ እናቴን ስለ ወፉ እንጂ ስለ መድፉ አልጠየቅኋትም። አሁን ሳስበው፣ ሕዝብ ለምን ያልተኮሰ መድፍ ሐውልት አቆመ? መልሱ እንደሚመስለኝ፣ መድፉ የሚያስታውሰው መተኮሱን ሳይሆን መሠራቱን ነው፤ አንድ ንጉሥ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠማው ሙያ መሆኑን። በሌላ በኩል ያ ሙያ የመጣው በግድ ከተያዙ የውጭ አገር ሠራተኞች ነው፤ መንገዱ የተሠራው ደብረ ታቦር ከተቃጠለች በኋላ ባዶ ሆዱን በሚጎትት ሕዝብ ነው። ሐውልቱ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚናገረው። የሁለተኛውን የሚናገር ሰው ከጎኑ ቢቆም፣ ቴዎድሮስ ያንስ ይሆን? እኔ አይመስለኝም። የሚሰማቸው ሰው እንዲያውም ይበዛል።

ሰውዬው የሞቱበትም ሽጉጥ ይህን መልክ ይዟል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት አመስግና የላከችው፣ ይኸው ምስጋና የተጻፈበት ሽጉጥ ነበር። የምስጋና ጽሑፍ ያለበትን ሽጉጥ አፉ ውስጥ የከተተን ሰው ታሪክ ለመተረክ መግለጫ ጸሐፊ ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ የተጻፈውን መገልበጥ ብቻ።

ሆኖም በሙዚየም መሣሪያ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ስላለው ሳይሆን ስለሌለው ነው። መስታወት ውስጥ የሚገባው ዐይን የሚስበው ነው፤ የብር ጋሻ፣ የተጠማዘዘ ጎራዴ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ ነሐስ መድፍ። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን መልክ አልነበረውም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝ በርሜልና ዝናብ ሆኖ መጥቶ ሄደ። ውሃውን መረዘ፣ ሳሩን አረከሰ፣ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ወታደር ከነቆዳው ገፈፈ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ይህንኑ ለመንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ማመን የቻለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ይህን በየትኛው ሣጥን እናስቀምጠው? ዕቃ ስለሌለው ብቻ በሙዚየም ትረካ ውስጥ ከጎራዴው ያነሰ ቦታ ይይዛል። ጎብኚው ወጥቶ ሲሄድ በዐይኑ የቀረው በብር የተለበጠ ጋሻ ስለሆነ፣ ጦርነት ውብ ነገር እንደነበረ ሳያውቀው ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ አርሲ ሔጦሳ ላይ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ተቃራኒ መንገድ ይዟል። መሣሪያ የለበትም፤ የተቆረጠ ጡት የያዘ የተቆረጠ እጅ ነው። ስለ ክንውኑ በታሪክ ጸሐፊዎችና በፖለቲከኞች መካከል ከባድ ክርክር አለ፤ ሐውልቱን የሚቃወሙም የሚደግፉም ብዙ ናቸው። እዚህ የማነሣው ለሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዓድዋ ላይ ጣልያንን ያሸነፈው ጠመንጃ ይከበራል፤ ያው ዓይነት ጠመንጃ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ጦር ያሸነፈ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ወላይታ፣ ወደ ከፋ የዘመተ ነው። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዛሬ በሁለት ጆሮ ሁለት ዓይነት የሚሰማው ለዚህ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ የተለየው ታሪኩን የሚተርከው ሰው ከአፈሙዙ ፊት ነው ወይስ ከሰደፉ በኩል ነው የቆመው የሚለው ነው። በጉዳዩ ላይ የማያሻማ አቋም አለኝ፤ ዓድዋ የሁሉም ድል ነው፣ ሐረርጌም ዓድዋ ላይ ሰው ነበራት። ግን አንድ ጠመንጃ ሁለቱንም ቦታ እንደዋለ አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ድሉን አይቀንሰውም። ሁለቱን ለየብቻ በተለያየ ክልል በተለያየ ሐውልት ስናስቀምጥ ነው ልጆቻችን አንዱን ብቻ ይዘው የሚያድጉት።

ጎረቤቶቻችን ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ማየት ደስ ይላል፣ አንዳንዴም ያሳዝናል። ምጽዋ ላይ ሦስት ታንኮች ሐውልት ሆነው ቆመዋል። ሐርጌሳ መሐል ላይ ሚግ የጦር አውሮፕላን ቆሟል፤ በ1980 ዓ.ም. ከተማይቱን ከደበደቡት አውሮፕላኖች አንዱ ነው፤ የገደለውን መሣሪያ አውጥቶ አደባባይ ላይ መስቀል። አስመራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወጣ ብላ ሽዳን፣ ያንን የታጋይ የፕላስቲክ ጫማ፣ ትልቅ አድርጋ አቁማለች። ስለ ጦርነቱ ያለህ አቋም ምንም ይሁን፣ መሣሪያውን ትቶ ጫማውን መምረጥ ብልሃት ነው። ጫማ የማን እንደሆነ ወዲያው ትጠይቃለህ።

አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ሁለት ቦታዎች በጥቂት እርምጃ ርቀት ተቀምጠዋል። አንደኛው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ነው፤ ከጣልያን ጋር በተደረጉ ጦርነቶች የዋሉ ጎራዴዎች፣ ሦስት ጣት ያላቸው ጦሮች፣ ከአንበሳ ጎፈር የተሠሩ ትልልቅ የራስ መድፊያዎች አሉት። ቤተ ክርስቲያን የጀግና መሣሪያና የንጉሥ ልብስ በዕቃ ቤቷ ስታኖር የኖረችው ሙዚየም የሚባል ቃል ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ስእለት የገባ ሰው ጠመንጃውን ያመጣ ነበር። ሌላው በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ግዙፉ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ወደ ሁለቱም የገባ ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል። በአሮጌው ውስጥ ዕቃው ትንሽ፣ ቤቱም ጠባብ ነው፤ ግን ቄሱ ወይም ዕቃ ጠባቂው አጠገብህ ቆሞ «ይህ እንትና ያመጣው ነው» ይልሃል። ያ ሰው ነው የድሮው ፎካሪ ወራሽ። በአዲሱ ውስጥ ሁሉም ትልቅ ነው፣ መብራቱም ያማረ ነው፤ ሰው ግን የሚናገረው በድምፅ ማጉያ ነው። መታሰቢያው እንደተሠራ ደስ ብሎኛል፤ ሐሳቤ እንደ አራዳው ዕቃ ጠባቂ ያሉ ሰዎችን ቢቀጥር ነው።

ሌላም ችግር አለ፣ ብዙ የማይነገር። ሙዚየም ያለፈ ነገር ቤት ነው። በእኛ አገር ግን ጠመንጃ ገና አላለፈም። የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ከወጣ በኋላ እንኳ ያየነውን አይተናል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ትግራይ፣ አማራና አፋር ላይ የሆነው፣ ከዚያ ወዲህም አማራ ክልል ውስጥ የቀጠለው፣ ኦሮሚያ ውስጥ ያልቆመው። በገጠር ብዙ ቤት ውስጥ ክላሽ ልክ እንደ ድሮው ምንሽር ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ልጅ ጎረምሳ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ወጣቶች ጋሻና ጦር ይዘው ጎፈር አጥልቀው ሲወጡ፣ ጉዞ ዓድዋ ተጓዦች ከአዲስ አበባ ዓድዋ ድረስ በእግራቸው ሲገቡ፣ አምሳያ ጋሻ ለዐይን ውብ ነው። ግን ጋሻው በዓል ሆኖ፣ ክላሹ ደግሞ ዕለት ተዕለት ኑሮ ሆኖ፣ ሁለቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መስለው ይኖራሉ። አንዳንዴ የሙዚየሙን ጎራዴ ስናከብር የዛሬውን ጠመንጃ ሳናውቀው እየባረክን ይሆን ብዬ አስባለሁ። መልሱን አላውቀውም፤ ሙዚየሞቻችን ጥያቄውን አለመጠየቃቸውን ግን አያለሁ።

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በእልፍኙ ጓዳ ትቀመጥ ነበር፤ ጨርቁ ለፋሲካ ታጥቦ ይቀየራል። እኛ ልጆች እንዳንነካት ይነገረን ነበር፤ ነክተናታል። እሳቸው ሲሞቱ አጎቴ ለቅሶው መሐል ይዟት ወጣ። አንዲት ሽማግሌ አክስታችን ተነሥተው ስለ ጠመንጃዋ ሲያለቅሱ ያልጠበቅነውን ተናገሩ፤ አያታችን ከአንድ የሩቅ ዘመዳቸው በብዙ በሬ እንደገዟት፣ በሕይወታቸው በሰው ላይ እንዳልተኮሱባት፣ አንድ ጊዜ ግን ስለ መሬት በተነሣ ጠብ ይዘዋት ደጅ ቆመው ማደራቸውን። ያን ማታ ያልተኮሱት ለምን እንደሆነ አክስታችን በግጥም ተናገሩት፤ ግጥሙን ዛሬ ሙሉውን አላስታውሰውም። ጠመንጃዋ አሁንም የአጎቴ ቤት አለች። ማንም ሙዚየም ቢወስዳት «ምንሽር። 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ» ብሎ ይጽፍባታል፤ ትክክልም ይሆናል።

ኒውካስል የነበረው ጋሻ አሁን አገሩ ገብቷል። ላዩ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይፋቅ የሚል ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አይፋቅ። ከጎኑ ግን ሌላ ጽሑፍ ይቀመጥ፤ በአማርኛ፣ በግልጽ፣ ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ይህን ጋሻ ይዞ መቅደላ ላይ እንደነበረ፣ ከፊቱ ስናድር እንደነበረ፣ ቀኑ የትንሣኤ ማግስት እንደነበረ የሚናገር። ቦታ ከተረፈም ከታች ባዶ መስመር ይተውለት፤ አንድ ቀን ከወሎ ወይም ከቋራ የመጣ ሽማግሌ ጋሻውን አይቶ «የእንትና ነው» ቢል፣ ስሙ የሚጻፍበት።